የወንድሜን ዝምታ በድምፅ ብልጫ ላጸደቀው ማኅበር

ለተከበሩ የሙዚቃ አፍቃሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ጆሮዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በእኛ ቤት ያለው ጤና ዛሬ ካለበት ደረጃ የደረሰው በእርስዎ ጆሮ ብርታት ስለሆነ፣ ያ ጆሮ አንድ ነገር ቢሆን ማን ይተካው ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ። ባለቤትዎንና ልጆችዎን፣ እንዲሁም ርዕሰ መምህር ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ሥርዓት የሚያስከብሩባትን ያቺን የእጅ ደወል ሰላም ይበሉልኝ።

እኔ እናንተ «ነበልባል» የምትሉት ጊታር ተጫዋች ታላቅ እህት ነኝ። በፍርድ ቤቱ በር አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቼ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፍኩ እተዳደራለሁ። ስለዚህ ለባለሥልጣን እንዴት እንደሚጻፍ አላጣሁትም፤ በቁጥር የተቀመጠ አቤቱታ ይነበባል፣ የሚያለቅስ አቤቱታ ይጣላል። ደንበኞቼንም «እንባውን ለቤትዎ ይተዉትና ነጥቡን ይንገሩኝ» እላቸዋለሁ። ይህን ምክር ዛሬ ለራሴ ሰጥቼዋለሁ፤ ምን ያህል እንደያዝኩት ከዚህ በታች ይመለከቱታል።

ይህ ለሁሉም የሚነበብ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። አምስት ስመ ጥር ሙዚቀኞች የየራሳቸውን ባንድ ትተው አንድ የጃዝ-ሮክ አልበም ሊሠሩ ተሰባሰቡ። ድራም መቺው ከሮክ ሰፈር፣ ሳክስፎን ተጫዋቹና ኪቦርዱ ከጃዝ ሰፈር፣ ቤዙ ከሁለቱም ጋር የተኳረፈ፣ ጊታሩ ደግሞ የእኔ ወንድም። ማኅበርዎም ከጎማ ጠጋኙ በላይ በተከራያት ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰበ፣ ድራሙ ነው ጃዙን የገደለው፣ የለም ሳክስፎኑ ነው ሮኩን ያስተኛው፣ ደግሞስ አምስት ኮከብ በአንድ መድረክ እንዴት ይስማማል እያለ፣ የፕላስቲክ ወንበር እስኪሰበር ድረስ ተከራከረ። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ሰው በባሰ ነገር ከሚጣላ በሳክስፎን ቢጣላ ምን ክፋት አለው።

አንደኛ። ከአልበሙ አስቀድሞ ሰው እንዲሰማው የተለቀቀ አንድ ዜማ አለ። በዚያ ዜማ መሃል ወንድሜ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ላይ ጊታሩ ይጀምራል፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ ጭጭ ይላል። ድራሙና ቤዙ ብቻ ይቀራሉ። ቆይቶ ሁለት ኖታ ይሰማል፤ እንደገና ጭጭ። በዚህ ላይ አባላትዎ ለሁለት ተከፈሉ። የፍጥነት ወገን የተባሉት ነበልባሉ ጠፍቷል፣ አመዱን ታቀፉ አሉ። እርስዎ የሚመሩት የዝምታ ወገን ደግሞ፣ ይህ የብስለት ጣሪያ ነው፤ ወጣት ሳለ ይናገር ነበር፣ አሁን ያዳምጣል፤ በዝምታው ውስጥ የጃዝና የሮክ ድንበር ፈርሷል ብሎ ጻፈ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባል ተረት አለ፤ ነገር ግን በሊቀመንበር ላይ ተረት መተረት ነውር ስለሆነ አልተርተውም።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ምን እንደነበረ እኔ ልንገርዎት፤ ያን ቀን በር የከፈትኩለት እኔ ነኝና። ከቀረጻው ሲመለስ ጊታሩን በቀኝ እጁ አንጠልጥሎ ገባ። ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ እንደ ሰው ዕቃ አስቀመጠውና ያየው ጀመር። «እትዬ፣ ጣቶቼን አዘዝኳቸው፤ አልሄዱም» አለኝ። ከዳር ያሉትን ሁለቱን ማለቱ ነበር። እሱ ቀረጻው እንዲደገም ባልደረቦቹን ሊለምን፣ እኔ ደግሞ ከነርቭ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ላስይዝለት ተስማማን። ቀረጻው ሳይደገም ዜማው ተለቀቀ፤ ቀጠሮውን ግን የማላውቀውን ሰው ደጅ ጠንቼ አገኘሁት። ወንድሜ ፈርቶ ነበር፤ ፍርሃቱም ሰውን ወደ ሐኪም የሚወስድ ደህና ፍርሃት ነበር።

ሁለተኛ። ያን ፍርሃት ስለገላገላችሁት አመሰግናለሁ። ቀጠሮው ሊደርስ ሲል ማኅበርዎ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ፣ አጀንዳ አስይዞ፣ ደወል ደውሎ፣ በወንድሜ ዝምታ ላይ ድምፅ ሰጠ። በሁለት ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ የጸደቀው የአቋም መግለጫ «አርቲስቱ ያልመታው ኖታ ከመታው ኖታ ይበልጣል» ይላል። ዕድሜዬን ከወረቀት ጋር ጨርሻለሁ፤ የሰው ሕመም በእጅ ብልጫ ሲሻር ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ወንድሜ መግለጫውን ይዞ ማድ ቤት ድረስ መጣና፣ ዕቃ ሳጥብ ከኋላዬ ቆሞ አነበበልኝ። ሲጨርስ መልሶ አነበበው። ድምፁ ውስጥ የነበረው ደስታ እስከ ዛሬ ያመኛል። ምናልባት በሽታ ላይሆን ይችላል አለ፤ «ምናልባት እጄ ከእኔ ቀድሞ አውቆ ይሆናል።» በማግስቱ ቀጠሮውን ሰረዘ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ። ይኸው አልተርትም ያልኩትን ተረትኩ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሦስተኛ። መግለጫው በመስታወት ተደርጎ፣ በእርስዎ የሚመራ ልዑክ ቤታችን ድረስ በመምጣቱ የተሰማኝን ክብር እንዴት አድርጌ ልግለጸው። መቀመጫ ስላልበቃ ሁለት አባላት የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በዚያ ሰሞን ወንድሜ ብርጭቆ እየጣለ ስላስቸገረኝ የፕላስቲክ ኩባያ ገዝቼለት ነበር፤ ለእናንተ ክብር ስል ግን ብርጭቆዎቹን አወጣሁ። ወንድሜ ሻዩን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ፣ መግለጫውንም በሁለት እጁ ተቀበለ። እርስዎም ወደ ልዑካንዎ ዘወር ብለው፣ ታላቅነት ማለት ይህ ነው፣ ይህን ሁሉ ዝና ተሸክሞ አሁንም በሁለት እጁ ይቀበላል፣ አሳዳጊ የባረከው ማለት እንዲህ ነው አሉ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ክቡር ሊቀመንበር፣ በአንድ እጁ ቢይዘው ይወድቅበት ነበር። ሆኖም የእናታችንን አስተዳደግ ስላመሰገኑልን በእሷ ስም እጅ እነሳለሁ።

አራተኛ። ከፍጥነት ወገን አንድ አባል በገጻችሁ ላይ «ሰውዬው እጁ ሞቷል እንዴ? ሐኪም ይየው እንጂ» ብሎ ጽፎ ነበር። የጻፈው ለስድብ ነው፣ አልካድም፤ ከጎኑም የሚስቁ ምስሎች ደርድሮበታል። እርስዎም ነውርን የማይታገሡ ስለሆኑ ከማኅበሩ አገዱት፣ ይቅርታም በጽሑፍ አስጠየቁት። ያን ይቅርታ ወንድሜ አንብቦ፣ ምስኪን፣ ገና አልገባውም፣ ሲበስል ይገባዋል አለ። ከመላው ማኅበር እውነቱን የተናገረ አንድ ተሳዳቢ ብቻ ነበር፤ እሱም ቃሉን እንዲውጥ ተደረገ። ያን ሰው ካገኙት፣ የነበልባል እህት ትመርቅሃለች ይበሉልኝ።

ቁጥር የማልሰጠው አንድ ጉዳይም አለ፤ በእርስዎ ላይ ብቻ ልጭነው ስለማልችል። አንድ ቀን ሳክስፎን ተጫዋቹ ጃንጥላዬ ሥር መጥቶ፣ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀመጠ። አራቱም የወንድሜ ባልደረቦች ነገሩን ካወቁ ሰንብተዋል። አዝነውለት፣ ልምምድ በመጣ ቁጥር የጊታሩን ድርሻ ትንሽ ትንሽ እየቀነሱ ለራሳቸው ሲያካፍሉት ኖረዋል። እናንተ ደግሞ ያን መቀነስ ሰምታችሁ አዲስ የቅንብር ምዕራፍ ብላችሁ አወደሳችሁት። ሰውየው ጠባቧን ዱካ እያንቀጠቀጠ፣ «ብንነግረው ይሻል ነበር፤ ግን ሕዝቡ እንዲህ ሲወደው ማን ይድፈር» አለኝ። ለደንበኞቼ የምሰጠውን ምክር ማንም አልነገረውም መሰለኝ፣ አለቀሰ። እኔም የሚገባውን ላለመናገር አፌን በመሐረብ ያዝኩ።

አምስተኛ። በመጨረሻ ወንድሜን ወደ ሐኪም የወሰደው እግሩ ነው። ከቤታችን ደረጃ ላይ ወደቀ፤ ጎረቤት ተባብሮ አነሳው፤ ሊቆም ሲሞክር እግሩም አልታዘዝ አለው። በሆስፒታሉ አንገቱን በኤምአርአይ አነሡት። የነርቭ ሐኪሙ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅሎ ቆይቶ ቆይቶ ሲያየው፣ ከፊቱ ገና ሳይናገር አነበብኩት። አንገቱ ላይ ዕጢ አለ፤ ሕብለ ሰረሰሩን ተጭኖታል። «እጁ መድከም ሲጀምር መጥታችሁ ቢሆን እጁን እናተርፈው ነበር» አለን ሐኪሙ፣ «አሁን የምናተርፈው እግሩንና ትንፋሹን ነው፤ እሱም ቶሎ ከሆነ።» በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የእኔ ወንድም ግን አልደበቀም። በአደባባይ፣ በትልቅ ድምፅ ማጉያ ሕመሙን አሰምቷችኋል፤ እናንተም አጨበጨባችሁ።

ይህን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ በብስለት አይደለም፣ በንዴት ነው። ልቤ ተቃጥሏል። እናታችን ስትሞት ይህን ልጅ አደራ ያለችው እኔን ነው። ጊታር መማር ሲጀምር ጎረቤት በጩኸቱ ሲያማርር ደጅ ወጥቼ የተሟገትኩለት፣ ሲደክመው ጣቶቹን ለብ ባለ ውኃ የነከርኩለት እኔ ነኝ። አሁን ያን እጅ ስይዘው ክብደቱ ብቻ ነው የሚሰማኝ።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ ልምጣ። ወንድሜ ኦፕራሲዮኑን እንቢ ብሏል። ከተቀደደ በኋላ ለወራት መተኛት ስላለበት፣ አልበሙ የሚመረቅበት ኮንሰርት ያመልጠኛል ይላል። ሐኪሙ ኮንሰርቱን መጠበቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ ነግሮታል፤ እኔም እግሩ ላይ ወድቄ ለምኛለሁ። የመለሰልኝን ቃል በቃል ላስፍርልዎ፦ «እትዬ፣ እነሱ የሚጠብቁት የእኔን ዝምታ ነው። እሱን ደግሞ አሁንም እችላለሁ።»

እኔን አይሰማኝም፤ እህት ናት፣ እህት መፍራት ልማዷ ነው ይላል። ሐኪሙንም ስለ ሙዚቃ ምን ያውቃል ብሎ አሰናብቶታል። የሚሰማው የእናንተን ወረቀት ብቻ ነው። መግለጫችሁ ከአልጋው ፊት ለፊት ተሰቅሏል፤ ላወርደው ስል ጮኸብኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወንድሜ ሞኝ አይደለም፣ ስትወዱት ጊዜ አመናችሁ እንጂ። በወረቀት የታሰረ በወረቀት ይፈታልና፣ አንድ ተጨማሪ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርተው፣ ደወሉን ደውለው፣ ይህችን አጭር ቃል ያጸድቁልኝ፦ «ተሳስተናል። ሰውየው ታሟል። ይታከም።» ተቃውሞ ካለ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ እኔ በአንድ ድምፅ ብልጫም አልከፋም። ይህን ከዚህ ቀደም በግል ጽፌልዎት፣ ማኅበሩ በአርቲስቱ የፈጠራ ነፃነት ጣልቃ አይገባም የሚል ባለ ማኅተም መልስ ሰጥተውኛል። ይህኛው ለሁሉም ግልጽ የሆነው ስለዚህ ነው።

ለጆሮዎ ዕድሜ የምለምን፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን አክብሮት ከዕለት ወደ ዕለት እየቆነጠርኩ አሁን የቀረችኝን ጭላጭ አሟጥጬ የምልክልዎ፣ ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለአደባባይ ስትጽፍ ይህ የመጀመሪያዋ የሆነላት፣

ማመልከቻ ጸሐፊዋ፣ የነበልባል እህት

ያልጨረስኩት ነገር፦ ይህን ደብዳቤ አሽጌ ልወጣ ስል የማኅበርዎ ጸሐፊ ስልክ ደወሉ። የወንድሜን መታመም ሰምተው ማኅበሩ በጥልቅ ማዘኑን ከገለጹልኝ በኋላ፣ በኮንሰርቱ መጫወት ባይችል እንኳ ጊታሩን ጭኑ ላይ አድርጎ መድረኩ መሃል ቢቀመጥልን፣ ምንም መንካት አይጠበቅበትም፣ የሁለቱ ወገኖች ክርክርም በዚያው እልባት ያገኛል አሉኝ። ወንድሜ ስልክ መያዝ ስለማይችል፣ የሚደወልልንን ሁሉ እሱም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ነው የማነጋግረው፤ ስለዚህ ሁሉንም ከአልጋው ሆኖ ሰማ። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እሺ በያቸው» አለኝ። እኔ «እሺ»ውን ሳላስተላልፍ ስልኩን ዘጋሁት። መልሱን ለወንድሜ እርስዎ ራስዎ መጥተው ይንገሩት፤ ግራ እጁን ይዘው።