ኮምጣጤው መጨረሻ ይግባ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ታላቅ እኅቴ፣ ለእታለሜ፤

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ፣ ባልዲ ስታነሺ አሁንም ይይዝሻል? አባባስ ዓይናቸው ተሻላቸው ወይስ ጋዜጣውን እጃቸው እስከሚደርስበት አርቀው ነው የሚያነቡት? እማዬ እንቅልፍ ይወስዳታል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ እንዳልልሽ አንቺ ውሸቴን ከእጅ ጽሑፌ ታውቂያለሽ። አካሌ ደኅና ነው። ሌላውን እነግርሻለሁ፤ ለእማዬ የሚነበበውን ግን አንቺው መርጠሽ አንብቢላት።

ድንገቴን ታስታውሻለሽ? ወጥ ያለቀ ቀን ጓዳ ውስጥ የተገኘውን ሁሉ ደባልቀሽ ደረቅ ዳቦ የምታስበዪበትን ማባያ? «ያልታሰበ እንግዳ ነው፤ ድንገቴ በሉት» ብለሽ ስም ያወጣሽለት አንቺ ነሽ። እዚህ ሰው አገርም እሱ ባይኖር ዳቦው ጉሮሮዬ ላይ በቀረ ነበር። ሳህን በማጥብበት የፋብሪካ ምግብ ቤት ተመጋቢዎቹ ያልተከፈቱ ትንንሽ የኬቻፕ፣ የማዮኔዝና የማር እሽጎች ትሪ ላይ ጥለው ይሄዳሉ። ደንቡ ከትሪ የተመለሰ ሁሉ ይጣል ይላል። እኔ አልጥልም፤ በሽርጤ ኪስ ይዤ እመጣለሁ። የሰናፍጭ ዱቄትና ኮምጣጤ ብቻ ገዝቼ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እደባልቃለሁ። ክፍሌ ጠባብ ስለሆነች ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ በሩንም መስኮቱንም እዘጋለሁ። አንድ ሳህንና ሁለት ማንኪያ አለኝ። ሁለተኛውን ማንኪያ ለምን እንደገዛሁት አትጠይቂኝ።

እማዬ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የምትለው ስስታሙን ነው። አብሮት የሚበላ ያጣውንስ ምን ትለዋለች? እስቲ ጠይቂልኝ።

አንድ ቀን በብርጭቆ ይዤው ሥራ ገባሁ። እኔ የማጥበውን የምታደርቀው ባልንጀራዬ ዳቦዋን ነክራ ቀመሰችና «ኑ፣ ኑ! ይቺ ዝምተኛ ጉድ ይዛለች!» ብላ ቤቱን ሁሉ ጠራችብኝ። እኔን ዝምተኛ አለችኝ፤ ሳቂ እንግዲህ። ዋና ምግብ አብሳይዋም መጣች። ሁሉን ነገር በጭልፋ እንጂ በማንኪያ ስለማትቀምስ እኛ በሌለችበት እሜቴ ጭልፋ እንላታለን። ላሰችና ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። በማግስቱ ለሠራተኛው ሁሉ የሚበቃ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን እንድሠራ አዘዘችኝ። እውነቱን ልንገርሽ እታለሜ፣ ደስ አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰዎች ዳቧቸውን ይዘው ሲሰለፉ ከማጠቢያው ጀርባ ሆኜ አየሁ። ከመጣሁ ጀምሮ ያን ጊዜ ብቻ ነው እዚህ አገር ውስጥ ያለሁ የመሰለኝ።

በአራተኛው ሳምንት ሳህኑ አጠገብ ካርድ ቆሞ አገኘሁ። «የዋና አብሳይዋ ልዩ ማባያ» ይላል። ደሜ ፈላ። ሄጄ ስጠይቃት ሰው እየሰማ ሳቀችና «ሳህን ያጠበ ሁሉ ወጥ ሠሪ ከሆነማ ስፖንጁም አብሳይ ነው» አለችኝ። እኔም «ስፖንጁ እንኳ የነካውን ያጸዳል፤ እርስዎ የነኩትን ይወስዳሉ» አልኳት። ኬሚስትሪ ተምሬ ሳህን አጣቢ የሆንኩት ለዚህ መልስ ብቻ ቢሆን እንኳ አልከስርም። በማግስቱ አልደባለቅኩም።

ራሷ ሞከረችው፤ መረረባት። ሠራተኛው ማጉረምረም ሲጀምር ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዳ እሽጎቹን ትሰርቃለች ብላ ከሰሰችኝ። ተጠራሁ። «ወስጃለሁ» አልኩት፤ «ወደ ቆሻሻ የሚሄደውን ወስጃለሁ። የሰው ግን አልወሰድኩም። ሁለት ሳህን ይምጣና ሁለታችንም ፊትዎ እንደባልቅ።» ሰውየው ነገሩ እንዲያልቅለት ይሁን ርቦት አላውቅም፣ እሺ አለ።

እሜቴ ጭልፋ የሰናፍጭ ዱቄቱ ላይ ወዲያው ኮምጣጤ አፈሰሰችበት። ያን ጊዜ እንደረታኋት አወቅሁ፤ ሳቄን ለመደበቅ ጫማዬን አየሁ። እኔ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ ለወስኩት፣ በሳህን ከደንኩት፣ አንቺ እንዳስተማርሽኝም ጀርባዬን አዞርኩለት። «ሰናፍጭ እያዩት አይቆጣም፤ ቤት ጠርገሽ ተመለሺ» ትይኝ አልነበር? ትምህርት ቤት የነገረኝ ምክንያቱን ብቻ ነው፤ ኃይሉ የሚወጣው ውሃ ሲያገኝ ነው፣ ኮምጣጤ ከቀደመው ታፍኖ ይቀራል። «ምን እየጠበቅሽ ነው?» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። «እስኪቆጣ» አልኩት። ሰው ያልኩት መስሎት ነው መሰለኝ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ። አሥር ደቂቃ ሙሉ አስጠበቅኳቸው። ከዚያ ማሩን፣ ማዮኔዙን፣ ኬቻፑን ጨመርኩ፤ ኮምጣጤውን መጨረሻ።

የእሷን ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ። የእኔን ሲቀምስ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ደገመ። «ያንቺ ነው» አለኝ። አንገቴ ቀና አለ።

ቀጥሎ ያደረገውን ስሚ። ካርዱን አንስቶ በሌላ ተካው፤ «የወጥ ቤቱ ማባያ» ተባለ። የእሷም አይደለም፣ የእኔም አይደለም። ጠዋት ጠዋት እንድደባልቅ፣ ከዚያ ሳህኔን እንዳጥብ አዘዘኝ። «ስሜ ይጻፍበት» ስለው «ስም የሚጻፈው ለኃላፊ ነው» አለኝ። «እንግዲያው ኃላፊዋ ትደባልቀው» ብዬ ወደ ማጠቢያዬ ተመለስኩ። ውሌ በሚቀጥለው ወር ያልቃል። አስብበታለሁ ብሎኛል፤ እኔ ግን አስቤ ጨርሻለሁ።

አሁን ካርዱ ቆሟል፣ ሳህኑ ባዶ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ እኔ ወዳለሁበት ጠረጴዛ የሚመጣ የለም። ያቺ «ኑ፣ ኑ!» ብላ የጠራችው ባልንጀራዬ እንኳ ሳህን ስትቀበለኝ ዓይኔን አታይም። አልፈርድባትም፤ የምታሳድጋቸው ልጆች አሏት። ግን እታለሜ፣ መርታት እንዲህ ጭር ያለ ነገር መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

ዛሬ እሑድ ስለሆነ ለራሴ ደባለቅኩ። እጄ ለምዶት ለሁለት ሰው የሚሆን ሠራሁ፤ ሁለተኛውንም ማንኪያ አወጣሁት። ከዚያ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

እነሱ አሠራሩን ጽፈሽ ስጪን ብለው እንቢ ያልኳቸውን ለአንቺ ሳትጠይቂኝ እጽፋለሁ። ሰናፍጭ ሁለት ማንኪያ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሁለት፤ ከድነሽ ቤት ጥረጊ፣ ከነወገብሽ ግን ቀስ ብለሽ። ማር አንድ፣ ማዮኔዝ አራት፣ ኬቻፕ አንድ ተኩል። ኮምጣጤው መጨረሻ ይግባ። ስትጨርሺ ወረቀት ቆርጠሽ ብርጭቆው ላይ ለጥፊበትና በትልቁ ስሜን ጻፊ። አባባ ሳያርቁ እንዲያነቡት አድርገሽ ጻፊው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አባባን ሥራዬ ሳህን ማጠብ መሆኑን ራሴ እስክነግራቸው ዝም በያቸው፤ ይልቅ ልጅዎ አንገቷን አልደፋችም በያቸው። ለባልሽ ለጋሼ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ያን ዳቦውን ቅርፊት ቅርፊቱን ብቻ የሚበላውን ልጅሽን ጉንጩን ንከሺልኝ። ለራስሽ ደግሞ መጀመሪያዋን ጉርሻ በእኔ ስም።

ታናሽ እኅትሽ

ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከደረጃው ሥር ካለችው ክፍል
እሑድ፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን