ሁለት ቁመት ያለው ድልድይ

ኅዳር 15 ቀን 1926

ጾም ገባ። ከባቡር ጣቢያ ጨው ጭኜ ወደ አራዳ ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ካሚዮኑ እንደ ሽማግሌ አቃሰተ... ግን ደረሰ። አራገፍኩ። ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም።

አለ እንጂ። ሰርክአዲስ ድልድዩ ላይ ቆማ ነበር። በሥሯ ሳልፍ ወደ ታች አየች። እኔን ይሁን ካሚዮኑን?

ኅዳር 18 ቀን

ሰርክአዲስን እንዲጠይቁልኝ የላክኋቸው ሽማግሌዎች ዛሬም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አባቷ አቶ ገነነ፣ "እናቷን ጠይቁ" አሉ። መንገዱን ተሻግረው እናቷ ዘንድ ሄዱ። ወይዘሮ አሰፋች ደግሞ፣ "ምነው፣ አባት የላትም?" አሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ካልሰሙ ልጅ ተሰጠች አይባልም። አንድ ላይ ደግሞ አይቀመጡም።

ባልና ሚስት ናቸው... ወይስ ነበሩ? በግራ በኩል አባትየው አቡጀዲ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ በቀኝ በኩል እናትየው ጠጅ። የተጣሉበትን ነገር አሁን የሚያስታውስ የለም። ያኔ አስታራቂዎች ከፎቅ ወደ ፎቅ፣ ከመንገዱ በላይ፣ የእንጨት ድልድይ ይሠራ ብለው ፈረዱ። እኩሌታውን ባል፣ እኩሌታውን ሚስት። ተሠራ። ከዚያስ? ማን ቀድሞ ይሻገር? እስከ ዛሬ ከሰርክአዲስና ከአንዲት ድመት በቀር የተሻገረበት የለም።

ካሣሁን፣ የሥራ ጓደኛዬ፣ እሱም ሾፌር ነው፤ "ድመቷን ሽማግሌ አድርገህ ላካት" አለኝ። ከዚህ ሁሉ እሷ ትሻል ይሆናል።

ኅዳር 26 ቀን

የመንገዱ ሹም መጣ። የአንዱ ካሚዮን ጭነት የድልድዩን ሆድ ልጦት ሄዷል። "ወይ አፍርሱት፣ ወይ ቁመቱን አስጽፋችሁ ስቀሉ" ብሎ አዘዘ። ባልም ሚስትም ማንበብ አይችሉም። ከሾፌሮች መሃል ቄስ ትምህርት ቤት ያየሁት እኔ ነኝ።

ጠዋት አቶ ገነነ ጠሩኝ። ሱቃቸው ውስጥ የሚሠራው ፀሐዬ መሰላል ላይ ወጥቶ በክንዱ ለካ። ሰባት ክንድ። ጻፍኩ። ሰሌዳው በእሳቸው በኩል ተሰቀለ።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አሰፋች ጠሩኝ። ወንድማቸው እሸቴ ለካ። ስድስት ክንድ።

ብዕሩን እንደያዝኩ ቆምኩ።

"ምነው ልጄ፣ ስድስትን አላስተማሩህም?"

"ተምሬያለሁ፣ እትዬ።"

ጻፍኩ። በእሳቸው በኩል ተሰቀለ።

የክንዱን ነገር አራዳ ሁሉ ያውቀዋል። አቶ ገነነ ጨርቅ ሲገዙ የሚለካላቸው እሸቴ ነበር፤ ክንዱ እንደ ጅራፍ ይረዝማል። ሲሸጡ ግን ፀሐዬ ነው፤ የእሱ ክንድ ጀምሮ ያልጨረሰ ነው የሚመስለው። ባልና ሚስቱ ሲለያዩ ረጅሙ ክንድ ከእህቱ ጋር ሄደ። አቶ ገነነ የቀራቸው የመሸጫው ክንድ ብቻ ነው። ድልድዩንም በእሱ አስለኩት፤ ክንዱ ሲያጥር ቁጥሩ በዛ።

ይህን እያወቅሁ ለምን ዝም አልኩ? "ልጄ" ስላሉኝ?

ኅዳር 30 ቀን

አንድ ድልድይ፣ በግራ ሰባት፣ በቀኝ ስድስት። የሚያነቡ ቆመው ይስቃሉ። ለባለቤቶቹ የሚነግር ግን የለም። አራዳ እንዲህ ያለ ሳቅ ቶሎ አይጨርስም።

ካሣሁን ማንበብ አያሻውም። ጭነቱ ላይ ይወጣና እጁን ያነሳል፤ እንጨቱ ከመዳፉ በላይ ከሆነ ወርዶ ይነዳል። "አንተ ጽሑፉን ተወው፤ ጭረቱን አንብብ" ይለኛል።

ሰርክአዲስ ግን ፊደል ቆጥራለች።

"ሁለቱንም አነበብኳቸው" አለችኝ።

"ታዲያ?"

"ታዲያማ፣ እኛ ቤት ስትገባ ስንት ምላስ ይዘህ ልትገባ ነው?"

አሁን ቤቴ ገብቼ ሦስት ጥሩ መልስ አገኘሁ። ምን ያደርግልኛል...

ታኅሣሥ 9 ቀን



ጠዋት ጨው ጭኜ በድልድዩ ሥር ወረድኩ። ምንም አልሆነም። ከሰዓት በኋላ ባዶ በርሜል ደርድሬ ተመለስኩ። ካሚዮን ሲከብደው ዝቅ ይላል፣ ሲቀለው ብድግ ይላል። አውቃለሁ። ጭነቱንም በገዛ ክንዴ ለክቼዋለሁ፤ ስድስት ተኩል፣ ጥቂት ቢያልፍ ነው። በሰባቱ ከሄድኩ አልፋለሁ። በስድስቱ ከሄድኩ አላልፍም።

አቶ ገነነ በራቸው ላይ ቆመዋል። ወይዘሮ አሰፋች በራቸው ላይ ቆመዋል። በሌላ መንገድ ብዞር አባትየውን ዋሹ ማለቴ ነው። ብነዳ እናትየውን። ማን ወሰነ? እግሬ ይመስለኛል።

በርሜሎቹ ከድልድዩ ሆድ ሥር ተሰነቀሩ። ወደፊት እንቢ አለ። ወደኋላ ስል ድልድዩ አብሮኝ ሊመጣ ተነሳ።

"ሰባት ብለህ የጻፍክልኝ አንተ አይደለህም?" አሉ አቶ ገነነ።

"የምን ሰባት? ስድስት ብሎ የጻፈልኝ እሱ ነው" አሉ ወይዘሮ አሰፋች።

ከዚያ ሁለቱም አዩኝ። ያን አተያይ አልጽፈውም።

ሰው ተሰበሰበ። "ሾፌር፣ ድልድዩን የት ልታደርሰው ነው?" አለ አንዱ ተሸካሚ። ሌላው፣ "ጥሎሽ ያመጣል ሲሉት ቤት ነቅሎ ሊሄድ" አለ። ሰርክአዲስ ከላይ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። እየሳቀች? እያለቀሰች?

ካሣሁን ደረሰ። በርሜሎቹን ዞሮ አያቸውና፣ "ክብደት ነው የሚፈልገው። ውጡበት" አለ። ተሸካሚዎቹ ወጡ። የጠጅ ቤቱ ደንበኞች ብርሌያቸውን እንደያዙ ወጡ። በጎን፣ በኋላ፣ በበሩ ተንጠለጠሉ። ካሚዮኑ ዝቅ... ዝቅ... ጥቂት ቀረው። አቶ ገነነ ካባቸውን ሰብስበው ወጡ። ከሁሉም የሚከብዱ እሳቸው ናቸው። አሁንም በርሜሉ እንጨቱን ነክቶታል።

"አሰፋች፣ ነይ ውጪ" አሉ አቶ ገነነ ከካሚዮኑ ላይ።



"አንተ ካለህበት?"

ድልድዩ በወይዘሮ አሰፋች በኩል ሲጢጥ አለ። አንዴ ወደ ድልድዩ፣ አንዴ ወደ ባላቸው አዩ። ነጠላቸውን አጣፉና ወጡ። የሚይዙት ነገር ፈለጉ፤ አልነበረም። የአቶ ገነነን ክንድ ያዙ።

ነዳሁ። ወጣን።

ለምን ወዲያው እንዳልቆምኩ አላውቅም። እስከ ጊዮርጊስ ነዳሁ፤ ዞሬ መለስኳቸው። ከኋላዬ እሰማለሁ።

"ሰባት ነው።"

"ስድስት ነው። ለመሆኑ በማን አስለካህ?"

"በፀሐዬ።"

"በመሸጫህ ክንድ? ድልድዩን ለማን ልትሸጠው ነበር?"

ሳቅ ሰማሁ። የማን እንደሆነ አልለየሁም።

ታኅሣሥ 10 ቀን

ሰሌዳዎቹ ወርደዋል። ማንም አልጠራኝም። ሰርክአዲስ ድልድዩ ላይ የለችም። ሁለቱን ላስደስት ብዬ ሦስተኛዋን አጣሁ?

ጥር 6 ቀን

ጾሙ ሲፈታ ሽማግሌዎቼ እንደገና ሄዱ። አንድ ላይ እንሰማለን ተባለ። የት? አባትየው ቤት እናትየው አይገቡም። እናትየው ቤት አባትየው አይገቡም። አግዳሚ ወንበር ወጣና ድልድዩ ላይ ተቀመጡ። ከሥር ቆሜ በሳንቃው ስንጥቅ የሰው ጫማ አያለሁ።

"ያ ጸሐፊ አለ?" አሉ ወይዘሮ አሰፋች። "ልጄን ከመስጠቴ በፊት የምጠይቀው አለኝ።"

ወጣሁ።

"የዚህ ድልድይ ቁመት ስንት ነው? እሱ ያለህን ተው፣ እኔም ያልኩህን ተው።"

"በራሴ ክንድ ለክቼው አላውቅም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ለካ።"

መሰላል መጣ። ለካሁ። ሁለተኛ ለካሁ። ስድስት ተኩል። እግዜር ያውቃል፣ ስድስት ተኩል ነው።

"ለሁለታችን አካፈልከው" አሉ አቶ ገነነ።

"አባይ" አሉ ወይዘሮ አሰፋች። "አሁንም ሊያስደስተን ነው።"

"እውነትሽን ነው። ይኼ ልጅ መለካት አይችልም።"

"ጭራሽ አይችልም።"

እንዲህ በአንድ ቃል ሲናገሩ አራዳ ሰምቶ አያውቅም። ከሽማግሌዎቼ አንዱ ፈጠን ብሎ፣ "ከተስማማችሁ እንግዲህ ቀኑን እንቁረጥ" አለ። እነሱም ቆረጡ።

እውነት የተናገርኩ ቀን አባይ ተባልኩ። ይሁን።

ጥር 20 ቀን፣ እሑድ

ሙሽራዬን በካሚዮን ወሰድኳት። ካሣሁን ካሚዮኑን በአበባ አልብሶታል። ድልድዩ ላይ አዲስ ሰሌዳ አለ፤ የሰርክአዲስ እጅ ነው። "ስድስት ተኩል። በጸሐፊው ክንድ።" ከላይ አባትና እናት ቆመው ይመርቁናል፤ አቶ ገነነ በሚስታቸው በኩል፣ ወይዘሮ አሰፋች በባላቸው በኩል። መቼ ተሻገሩ? ማን ቀድሞ? አላየሁም።

በሥራቸው ስናልፍ ሰርክአዲስ ጎንበስ አለች። ከራሳችን በላይ ብዙ ቦታ ነበር፤ መጎንበስ አያስፈልግም።

እኔም ጎንበስ አልኩ።