ስለ ሳሙናችን ምን ትላላችሁ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1979

ያው ናዝሬት፣ ያው ሙቀት። ከማሸጊያ ክፍል ወደ ሕዝብ ግንኙነት ከተዛወርኩ አራት ወር ሆነኝ። እስከ ዛሬ የሠራሁት ሥራ ቢኖር ክራባት ማሰር ነው።

ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ጓድ ወልደአማኑኤል አስጠሩኝ። "ሰፊው ሕዝብ ስለ ፀዳል ሳሙና ሐሳቡን ይጻፍልን!" አሉ። በአንድ ወር ሠላሳ ደብዳቤ። ካልመጣስ? "ማሸጊያ ክፍል ሰው ጎድሎታል" ብለው ፈገግ አሉ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

የአስተያየት ሣጥን አሠራሁ። ቀይ ቀለም፣ ትልቅ ጓጉንቸር። ቀበሌው በር ላይ ሰቀልኩት። "ሐሳብዎን ያለ ፍርሃት ይጻፉ" የሚልም ጨመርኩበት። አቤት ብልጠት!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ከፈትኩት። አንድ ወረቀት ብቻ፣ ስም የለውም። "ሳሙናው በጣም ጥሩ ነው። እኔም በጣም ጥሩ ሰው ነኝ" ይላል። ምን ማለት ነው?

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ገባኝ። አከራዬ እትዬ ዘሃራ ቦኖው ጋ ልብስ ሲያጥቡ አገኘኋቸው።

"አንተ፣ ማንን ልታስበላ ነው?"

"እንዴት እትዬ?"

"ቀይ ሣጥን፣ ጓጉንቸር፣ ያውም ቀበሌ በር ላይ! ሰው የጥቆማ ነው ብሎ በዚያ ማለፍ ትቷል። ወላሂ እኔም ዞሬ ነው የምሄደው።"

ያለ ፍርሃት ብዬ ሰፈሩን በሙሉ አስፈራሁት! ይህን ጭንቅላት ይዤ ነው ክራባት የማስረው። ሳሙናውስ እንዴት ነው ብላቸው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጣታቸው ተልጦ ቀልቷል። "ሶዳው በዝቷል" አሉ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ጻፍኩ። ሃያ ዘጠኙንም ራሴ። ግማሹን በግራ እጄ... ከሞጆ፣ ከደብረ ዘይት፣ ከወንጂ። የሞጆዋ ወይዘሮ የሺዓለም "ልጆቼ ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ፀዳል ፀዳል ይላሉ" ትላለች። ያሳፍራል። ግን እውነቱን ልናገር? የሺዓለምን ወድጃታለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ጉድ ፈላ! ጓድ ወልደአማኑኤልም ወደዷት። "በሠራተኛው ስብሰባ ላይ እንሸልማታለን፣ ጥራት!" የሌለች ሴት ከየት ትጠራለች?

እትዬ ዘሃራን ለመንኳቸው። ለአንድ ቀን የሺዓለም ይሁኑልኝ...

"እናቴ ያወጣችልኝ ስም አለኝ። ከፈለግህ በስሜ እመጣለሁ።"

እሺ አልኩ። የሺዓለም ታማለች፣ የደንበኞች ወኪል ይኸው እላለሁ። ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

እትዬ ዘሃራ መድረክ ላይ ወጡ። ተጨበጨበ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ለአዳራሹ ዘረጉ። "ሳሙናችሁ ልብስ ያነጣል። ቆዳም ይልጣል።"

ጓድ ወልደአማኑኤል ተነሡ። "ይህችን ሴት ማን ነው የላካት?"

"ላካት" የምትባለው ለፀረ አብዮተኛ ነው። አላውቃቸውም ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶም ነበር። ግን ዝም ካልኩ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። በዚያ በተላጠ እጃቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቆመዋል።

"እኔ ነኝ የጠራኋቸው" አልኩ። "ደብዳቤዎቹንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።" ድምፄ የጫጩት ነበር። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

ማሸጊያ ክፍል ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። ቀማሚው መርዳሳ "አካም ጅርታ፣ ጓድ ክራባት!" ብሎ ነው የተቀበለኝ። ቀማሚዎቹ ሶዳውን ቀንሱ ተብለዋል። የእትዬ ዘሃራም ጣት እየዳነ ነው።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ቦኖው ጋ ያሉት ሴቶች ጠሩኝ። "አብተው! አሁን ደግሞ አረፋው አንሷል!" "ሽታውንም ያስተካክሉት በላቸው!" አንዷ ሳትጨርስ ሌላዋ ትቀጥላለች።

"ኧረ እኔ አሁን ተራ አሻጊ ነኝ" አልኩ።

እትዬ ዘሃራ ባልዲያቸውን አስቀመጡ። "እሱን ማን ጠየቀህ?" አሉኝ።