ከአጠገቤ ባዶ የቀረው ቦታ

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣ ባለሽበት የሰው አገር ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ አልታዘዝ ብሎኛል።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሽ በበጎ ፈቃድ ሥዕል ታስተምሪበት ወደነበረው ትምህርት ቤት ዛሬም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ሥዕል ሊያስተምሩ ይመጣሉ። ልጅሽም እዚያው አንደኛ ክፍል ገብታለች። «ቤተሰባችሁን ሳሉ» ቢሏቸው እኔን ከነወላቃ ጥርሴ ሳለችኝ፤ አልዋሸችም። አጠገቤ ግን ባዶ ነው።

«እናትሽስ?» አልኳት።

«በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ሳሉ ተብለናል። እሷን አላስታውሳትም።»

ያንን ደንብ ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ እስካሁን አልቀየሩትም። ፎቶሽን ባወጣላት «ይሄማ ወረቀት ነው» ብላ መለሰችልኝ።

ደግ ሰው ያጋጥምሽ፤ ፈጣሪ ድካምሽን ይቁጠርልሽ። ለእኔ ምንም አትላኪ። ብቻ አሠሪዎችሽ ፈቃድ ከሰጡሽ ነይ፤ እርሳሷን ቀርጻ እየጠበቀችሽ ነው።

እናትሽ