አቅም የላትም ስላልካት መኪና

ውድ አባዬ፣

ይህን የምጽፍልህ ስልክ ስደውል «ደህና ነኝ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ» ብለህ ስለምትዘጋብኝ ነው። ደብዳቤ ግን ጀምረህ እንደማትተው አውቃለሁ። የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ እንኳ እስከ ጥጉ የምታነብ ሰው ነህ። ስለዚህ መነጽርህን አጥልቅና አረፍ በል። ጉዳዩ ስለዚያች ስለ መኪናዬ ነው፤ እባክህ ገና ከመጀመሪያው ፊትህን አታጥቁር።

እማዬ ደህና ናት። አክስቴ ቤት የሄድከው ጣሪያዋን ለመጠገን ነበር። ጣሪያው ካለቀ ቆየ፣ ከዚያ አጥሩን ያዝክ፣ አሁን ደግሞ የዶሮ ቤት እየሠራህ ነው አሉ። እማዬ «ዶሮ የላትም እኮ!» ትላለች። ሁለታችንም እንስቃለን፣ ከዚያ ሁለታችንም ወደ በሩ እናያለን።

መኪናዋን የገዛሁ ሰሞን መነጽር ቤት ያሉት ባልደረቦቼ ምን ያህል እንደተጫወቱብኝ ታስታውሳለህ። ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ አፍንጫዋ የሾለ። «ሽንጧ የፈረስ፣ ጉልበቷ የበግ» አለ አንዱ። ከስፖርት መኪኖች ሁሉ ለእኔ ኪስ የቀረበችው እሷ ብቻ ስለነበረች፣ የሞተሯም አቅም በወረቀት ላይ ከሌሎቹ ያነሰ ስለነበር፣ አፌን ሞልቼ መመለስ አልቻልኩም። አንተ ግን ጎንበስ ብለህ ከሥሯ አየሃትና «በኋላ ጎማዋ ነው የምትገፋው፤ እንደ እኔ አውቶቡስ» አልክ። ከዚያ ወዲያ የማንም ወሬ አልሞቀኝም አልበረደኝም።

ጡረታ ከወጣህ ጀምሮ መሪ አልጨበጥክም። ሰበብህ «ዓይኔ ደክሟል» የሚል ነበር፤ ዓይንህን የለካሁት እኔው ስለሆንኩ ግን እኔን ማታለል አትችልም። ለዚህ ነው ያን እሁድ ቁልፉን መዳፍህ ላይ ያኖርኩት። ደስ ብሎህ ነበር፤ አልደበቅከኝም። መቀመጫውን ሳብ አደረግክ፣ መስታወቱን አስተካከልክ፣ የኋላውን ወንበር ዞረህ አየህና «ይሄ ለማን ነው? ለድመት?» አልክ።

የውሃ ታንከሩን ዳገት ስንጀምር ነገር ተበላሸ። በሦስተኛ ማርሽ ገባህ፣ መሃል ላይ ተንቀረፈፈች። ወደ ሁለተኛ ስትመልሳት ድምጿን ከፍ አደረገች፤ አንተም ወዲያው መልሰህ ሦስተኛ አስገባህ። እንደገና ደከመች። አትክልት የጫነ ሚኒባስ ክላክሱን እያንባረቀ አለፈን፣ ረዳቱም በመስኮት ብቅ ብሎ «አባት፣ እንግፋችሁ እንዴ?» አለ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ጥግ ይዘህ አቆምክና ቁልፉን ሰጠኸኝ።

«ይቺ መኪና አቅም የላትም» አልክ። «ባትገዢያት ይሻልሽ ነበር።»

ቤት እስክንደርስ በጎንህ ባለው መስኮት ውጭ ውጭውን ስታይ ነበር።

እውነቱን ልንገርህ፣ ቅር አለኝ። የባልደረቦቼ ሳቅ ሁሉ ያላደረገኝን ያንተ አንዲት ቃል አደረገችኝ። በሳምንቱ ወደ አክስቴ ስትሄድ መናኸሪያ ድረስ ልሸኝህ ብል «በታክሲ ይሻለኛል» አልከኝ። ይሁን፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ወር ጋራዥ ወሰድኳት። ሐሳቤ የሞተር ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ አስገጥሜ በዚያው ዳገት ላይ ቃልህን እንድትመልስ ማድረግ ነበር። ሜካኒኩን ሰፈሩ «ጸጥታ» ይለዋል፤ አፉ ስለማያርፍ ነው። እንዲህ ልግጠም፣ ያንን ልፍታ ይላል ብዬ ስጠብቅ «ቱርቦ? ቆይ እስቲ፣ አንቺ ንጂና እኔ ከጎንሽ ልቀመጥ» አለ።

አንተ እንዳስተማርከኝ ነዳሁ። ፍሪሲዮኑን በቀስታ፤ ሞተሩ ማጉረምረም ሳይጀምር ማርሹን መቀየር፤ ዳሽቦርዱ ላይ ብርቱካን ቢቀመጥ እንዳይንከባለል። ጸጥታ እንደ ስሙ ዝም ብሎ ቆየና፣

«መንዳት ማን ነው ያስተማረሽ?» አለኝ።

«አባቴ።»

«ምን ይነዱ ነበር?»

«አገር አቋራጭ አውቶቡስ።»

ሳቁን ለቀቀው። «በይ እንግዲህ፣ ለዛሬ ብቻ አባትሽን አትስሚያቸው። ሁለተኛ ላይ ነሽ አይደል? ማርሹን ተይው። ርገጪ። ገና ነው። ገና ነው ስልሽ! እጅሽን ሰብስቢ!»

እጄ አልታዘዝ ብሎ ወደ ማርሹ ሲሄድ ጸጥታ በመዳፉ ሸፈነብኝ። የሞተሩን ዙር የሚያሳየው ቀስት ሁልጊዜ ከሚቆምበት አልፎ ወጣ፣ ድምጿም ተለወጠ። አባዬ፣ ሌላ መኪና ሆነች። ጀርባዬን ከወንበሩ ጋር አጣበቀችው። ፈርቼ ጮህኩ፣ ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ ተንከትክቼ ሳቅሁ።

«የአውቶቡስ ናፍጣ ሞተር ጉልበቱ ቀስቱ ከታች ሳለ ነው፤ ድምፁን ሳያሰማ ይጎትትልሻል» አለኝ ጸጥታ ስንመለስ። «ይቺ ደግሞ ከታች ትለግማለች፤ ያላት ሁሉ ከላይ ነው። ሳትጮህ አትሠራም። ቀጥ ባለ መንገድ የሚያልፏት መኪኖች ሞልተዋል፣ አልዋሽሽም። ግን ትበቃሻለች። ገንዘብሽን ያዢ።»

እየበረርኩ ቤት መጣሁና ለእማዬ ነገርኳት። «አየሽ፣ መኪናዋ ምንም አልጎደላትም! አባዬ ነው የተሳሳተው!» አልኩ። እማዬ የምታጥፈውን አንሶላ እንደያዘች ቀረች።

«እሱ መች መኪናዋን አለ» አለችኝ።

ያን እሁድ ቤት እንደገባን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ያልካትን ሁሉ ነገረችኝ። «ያን ዳገት ስልሳ ሰው ጭኜ ስወጣው ኖሬ፣ ዛሬ ባዶ መኪና ማውጣት አቃተኝ። መኪናዋ አይደለችም፤ ያለቅሁት እኔ ነኝ። ለልጅቷ እንዳትነግሪያት» ብለሃታል። መንጃ ፈቃድህንም ቁም ሳጥን ውስጥ ብርድ ልብሶቹ ሥር አስገብተሃል። እማዬ ቃሏን በመብላቷ አትቆጣት። በአንዲት ቃል አኩርፌህ ስከርም፣ አንተ ለካ በራስህ ተስፋ ቆርጠህ ነው የሄድከው።

በማግሥቱ ብቻዬን ወደ ዳገቱ ሄድኩ። መጀመሪያ ልክ እንደ አንተ ነዳኋት። እዚያው ቦታ ላይ፣ የተጣመመው የመብራት ምሰሶ አጠገብ ስደርስ፣ ደከመችብኝ። የእኔ እጅ ገና ወጣት ነው፣ ዓይኔም ደህና ነው፤ ግን ደከመችብኝ። ወርጄ እንደገና በሁለተኛ ብቻ እያስጮህኳት ወጣሁ። አንተ ቁልፉን የሰጠኸኝ ቦታ ስደርስ ገና የሚተርፍ ጉልበት ነበራት።

አላለቅክም፣ አባዬ። ይህን የምልህ ልጅህ ስለሆንኩ አይደለም፤ ረዳትህ ስለነበርኩ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ይዘኸኝ ትሄድ ነበር። ገና ሳይነጋ ከመናኸሪያው ስንወጣ፣ ከጎንህ የሞተሩ ክዳን ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈህ ታስቀምጠኛለህ፤ ሙቀቱ እስካሁን ይታወቀኛል። ጥቂት እንደሄድን «ረዳቴ፣ ከኋላ እንዴት ናቸው?» ትላለህ። ዞሬ አይና «ተኝተዋል» እላለሁ። ያኔ እግርህን ከነዳጁ ላይ ትንሽ ታነሳና ማርሹን ድምፅ ሳታሰማ ትቀይራለህ። «ተሳፋሪው ካልተኛ ሹፌሩ ገና ተማሪ ነው» ትለኝ ነበር።

ዕድሜህን ሙሉ እንደዚያ ነዳህ። ቤት ውስጥም እንደዚያው ነህ፤ በር ስትዘጋ እንኳ ሰው እንዳይነቃ እጀታውን ይዘህ ነው። ያን እሁድም ባዶ መኪና ውስጥ ተቀምጠህ ለስልሳ ሰው ነዳህ። ሞተሯ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ደንግጠህ ዝም አሰኘኸው። ያላትን ያልሰጠችህ ስላልጠየቅካት ነው። ያንተም አቅም ቢሆን እንደዚያው ያለ ይመስለኛል፤ አንድም ቀን ሙሉውን ጠይቀኸው አታውቅም።

መንጃ ፈቃድህን እማዬ አውጥታ ሰጥታኛለች፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አንተ የዶሮ ቤቱን ጨርስ፣ ዶሮዎቹን እኛ እንገዛላታለን። ከዚያ በኋላ በሚመጣው እሁድ በአውቶቡስ ና። መናኸሪያው በር ላይ መኪናዋን አቁሜ፣ የሹፌሩን ወንበር ትቼልህ፣ በተሳፋሪው በኩል ተቀምጬ እጠብቅሃለሁ። የውሃ ታንከሩ ዳገት ሥር ስንደርስ ሁለተኛ አስገባና እንደ ድሮው ጠይቀኝ። «ረዳቴ፣ ከኋላ እንዴት ናቸው?» በለኝ።

እኔም ዞሬ አያለሁ። እዚያች የድመት ወንበር ላይ ያንተ ቦርሳ ብቻ ተቀምጧል።

«ማንም የለም፣ አባዬ» እልሃለሁ። «ርገጣት።»

ረዳትህ