ቆቃ መንገድ ላይ የቆሙለት ሰው

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ ለአቶ ጉደታ፤

አባኮ፣ አካም ጅርቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ ተሻለዎት ወይ? የድሬዳዋ ሙቀትስ፣ የጅቡቲው መስመርስ አላደከመዎትም? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። የእማዬ ደም ግፊት በመድኃኒቱ ረግቷል። አዳማ እንደ ልማዷ አቧራዋን ታስነሳለች። ይህን ወሬ በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ምላሴ ስለተሳሰረ ነው የምጽፍልዎ።

ያ ከፍሬዘር ጋር ሁለት ዓመት ስንለፋበት የነበረው የኮምፒውተር ጌም ደረሰ። ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረው ነው፤ እሱ ኮዱን ይጽፋል፣ እኔ ታሪኩንና ሥዕሉን እሠራለሁ። ቅዳሜ ለት አዳራሽ ለምነን ለሰው አስሞከርነው። ደስታዬ እስካሁን አልበረደልኝም።

አሁን ሳላስፈቅድዎ ያደረግሁትን ልናዘዝ። የጌሙ ስም «ልቁም?» ነው። ተጫዋቹ ከዓለም ጤና ከተማ ወደ አዳማ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ይነዳል። ቆቃ አካባቢ መንገድ ዳር የወደቀ ሰው ያያል። ይቁም ወይስ ይለፍ? አዎ አባኮ፣ የእርስዎ ታሪክ ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት ሰውየውን አንስተው ሐኪም ቤት ሲያደርሱ «ገጭተኸው ነው» ተብለው፣ ነገሩ እስኪጣራ መኪናው ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ሽንኩርቱ በስብሶ፣ ከሥራ የተሰናበቱበት። እኔ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። «ስንቱ መኪና አልፎት ሲሄድ እርስዎ ምን አቆመዎት?» ብዬ የጮህኩብዎትን አልረሳሁም። እርስዎም ሻንጣዎን ይዘው ድሬዳዋ አክስቴ ዘንድ ሄዱ።

መጀመሪያ ለቆመ ተጫዋች ነጥብ እንሰጥ ነበር። የሰፈራችንን ልጆች ስናስሞክር ሁሉም ይቆማል፤ ግን የወደቀውን ሰው ፊት የሚያይ የለም፣ ነጥቡን ነው የሚያዩት። ፍሬዘር «ይሄማ ሽያጭ እንጂ ደግነት አይደለም» አለ። ነጥቡን አጠፋነው። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያዘኝ፤ የሽንኩርቱ ባለቤትስ? ተጫዋቹ ያንኑ ቀን በእሷም ዓይን እንዲያየው ፈለግሁ። ስሟን ያኔ ለእማዬ ሲነግሯት ሰምቼ ስለነበር ዓለም ጤና ወርጄ አፈላለግኋት።

ሱሃይላን እርሻዋ ላይ ሽንኩርት ስትነቅል አገኘኋት። ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ ያ ጭነት የመጀመሪያ ምርቷ ነበር። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። ለካስ የመኪናው ባለቤት «ሹፌሩ ጫቱን ሲቅም ነው ያበሰበሰው» ብሏት ኖሯል። ስምንት ዓመት ሙሉ ስትረግምዎት ኖራለች። እውነቱን ነገርኳት። የያዘችውን አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «ሰውየውስ ዳነ?» አለችኝ።

ምን ልበላት? አላውቅማ። ይህን ሁሉ ዓመት ስለ እኛ ችግር ሳወራ ስለዚያ ሰው አንድ ቀን እንኳ ጠይቄዎት አላውቅም። ምርቷ የበሰበሰባት ሴት ግን ያስቀደመችው እሱን ነው። ስለ ርኅራኄ ጌም እሠራለሁ ባይዋ እኔ አፈርኩ።

ስመለስ ጌሙ ላይ አንድ ምርጫ ጨመርን፦ ሹፌሩ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ወደ ሽንኩርቱ ባለቤት ሄዶ እውነቱን ይንገራት ወይስ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይግባ? ቅዳሜ ለት አንድ ባጃጅ ነጂ ለወደቀው ሰው ወዲያው ቆመ። እዚህኛው ላይ ሲደርስ ግን እጁ ማውሱ ላይ እንዳለ ቀረ። «ይሄስ ከመጀመሪያው ይከብዳል» አለ። ቢሆንም ወደ ዓለም ጤና ነዳ። እኔ ከኋላው ቆሜ መዝለል ብቻ ነበር የቀረኝ።

አባኮ፣ ያን ቀን ስለጮህኩብዎት ይቅር ይበሉኝ። ጌሙ ለሕዝብ እንዲወጣ ከፈቀዱልኝ እናወጣዋለን፤ ካልፈቀዱ ታሪኩን እቀይራለሁ፣ አልቀየምም። ግን ሰውየው ዳነ ወይ? የሱሃይላን ስልክ ቁጥር ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌዋለሁ። መልሱን ከእርስዎ አፍ መስማት ትፈልጋለች።

አክስቴን ጫልቱን ጉንጯን ይሳሙልኝ። አጎቴን ኑሬን የላኩልን ሎሚ ደርሶናል ይበሉልኝ። ልጃቸው ሃፍሳ ለፈተናዋ ትበርታ። እማዬ ዘርፉና ወንድሜ ሞቲ ከእነ ናፍቆታቸው ሰላም ብለውዎታል።

ልጅዎ አያንቱ ጉደታ
አዳማ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.