የድንቢጧ ሆድና የእኔ ሱሪ

ሰኞ፣ የካቲት 4

ሱሪዬን ለሦስተኛ ጊዜ አሰፋሁት። ልብስ ሰፊ የመሆን ጥቅሙ ይኼ ነው፤ ወገቤ መጨመሩን ማንም አያውቅብኝም። ለሚስቴ "ውሃ አኮማትሮት ነው" አልኳት። ሆዴን አየት አደረገችው።

ምሳ ላይ ልጃችን ድንቢጧ ሦስት ማንኪያ ሩዝ በልታ "በቃኝ" አለች። የአራት ዓመት ልጅ ምን አውቃ ነው በቃኝ የምትለው? "አንድ ለእማዬ፣ አንድ ለአባዬ" ብዬ ላጎርሳት ስል አፏን ግጥም! ትራፊውን ማን ጨረሰው? እኔ። ምግብ ይደፋል እንዴ?

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ምሳ ሲቀርብ ጠፋች። የስፌት ክፍሉን አተራመስኩት። ለካስ ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ሥር፣ ብጥስጣሽ ተከናንባ ቁጭ ብላለች።

"ማንኪያው ሄደ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ማንኪያውን ከኋላዬ ደበቅኩት። ልጄ ከእኔ ነው የተደበቀችው።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። "ምንም አትበላም!" ብዬ አማረርኩ። ነርሷ መዘነቻት፣ ቁመቷን ለካቻት።

"ደህና ናት። አንተ ምግቡን አቅርብ፤ ስንት እንደሚበቃት ሆዷ ይንገራት። ስትጎተጉታት ሆዷን መስማት ትተዋለች።"

ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችና ሚዛኑን በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ራሷ ጨለፈች። ሁለት ጎርሳ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

"ምን አለሽ?"

"ቆይ አለኝ።"

ጠበቅን... አንድ ድንች ጨመረች። "አሁን በቃ አለ" ብላ ወርዳ ሄደች። ሚስቴ እግሬን ባትረግጠኝ ኖሮ ማንኪያዬን ይዤ እከተላት ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ቁርስ አልነካችም። ምሳ ሁለቴ ጨመረች! ጎትጓች የለም... እኔ ነኝ ያለሁት፣ ዝም ብዬ።

እሑድ፣ የካቲት 17

መደበቅ ቀረ። ዛሬ ሳህኗን ራሷ ይዛ መጣች። ግማሹን በልታ "በቃኝ።" ደስ አለኝ። እጄ ግን በልማዱ ወደ ትራፊዋ ሄደ። እጄን ቀጨም አድርጋ ያዘችው።

"አባዬ፣ ሆድህን ጠየቅከው?"

ሚስቴ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን ጠየቅኩት። ልጅ እያለሁ "ሳህንህን ጨርስ" ነበር የሚባለው፤ ጠገብክ ወይ ያለኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

ድንቢጧ ጆሮዋን ሆዴ ላይ ለጠፈች።

"ምን አለ?" አለችኝ።

"ከጠገበ ቆይቷል" አልኳት።

"ታዲያ ለምን አትሰማውም?"

ትራፊውን ከድነን ለእራት አስቀመጥነው።